ውሃ በ92 በሚፈላበት አገር

በሰቆጣ ከሚኖሩት አክስቴ ቤት፣ ከሳሎኑ ማዕዘን፣ በስተጀርባውና በጎኑ ከግድግዳ ተጣብቆ፣ ከአናቱ እስከ ወገቡ በእጅ በተሠራ ነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ፣ በዳንቴሉም ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተደርቦበት የተቀመጠ አንድ ማይክሮዌቭ ነበር። ልጃቸው በዓረብ አገር ደክማ ካጠራቀመችው ገንዘብ ገዝታ የላከችላቸው በመሆኑ፣ አክስቴ ዕቃውን የሚያዩት እንደ ምድጃ ሳይሆን እንደ ልጃቸው መልክ ነው፤ ስለዚህም ካለፈው ፋሲካ በኋላ ወጥ ሊያሞቁበት ሲሉ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ በድንገት ዝም ማለት በጀመረ ጊዜ፣ ያዘኑት ኀዘን ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚመዛዘን አልነበረም።

የሕመሙ ጠባይ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዳንድ ቀን ወጡ ለብ ከማለቱ ድምፁ ይቋረጥና፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢተዉት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተመልሶ ይሠራል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ገና ሥራውን ሳይጀምር ደጋግሞ ይጮኽና፣ በመስኮቱ ላይ አንድ የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር ጽፎ ይቆማል። በከተማው ሬዲዮና ስልክ እየጠገነ የሚኖር አንድ ትጉህ ወጣት ተጠርቶ መጣ፤ ከፈተው፣ በቴስተሩም መረመረው፤ በመጨረሻም በአክብሮት ወደ አክስቴ ዘወር ብሎ፣ «እማማ፣ የሙቀት ሴንሰሩ ነው የሞተው፤ ሌላው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ መከላከያውን ዳይሬክት ላድርግልዎትና ይሥሩበት» አላቸው። እኔም በዚያ ቀን ለጥየቃ ሄጄ በቤቱ ስለ ነበርሁ ይህን በጆሮዬ ሰማሁ፤ ይህንንም ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ «ዳይሬክት» የተባለው አንድ ቃል ነው።

ዳይሬክት ማድረግ ማለት፣ ኤሌክትሪክ በመንገዱ ላይ ሳለ እንዲመረምረው የተሾመውን ዕቃ ከመካከል አውጥቶ፣ ግራና ቀኝ የነበሩትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ማቆራኘት ነው። በአባቶቻችን ችሎት ተሟጋች ተሟጋቹን «ተጠየቅ» እያለ ሲያፋጥጥ፣ ዳኛ የነበረው ሽማግሌ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው የምስክሩን ጠባይ ነበር፤ ምስክሩ የተናገረው ስምዐ ሐሰት እንደ ሆነ ሳይረጋገጥ፣ ነገሩ ስላልጣመው ብቻ ምስክሩን ከችሎት የሚያባርር ዳኛ ግን ርቱዕ ፍርድ ፈረደ አይባልም። ሴንሰርም ምስክር ነው፤ ግብሩ በዓይን የማይታየውን ሙቀት አይቶ ለምድጃው አእምሮ፣ ጠጋኞች ቦርድ ለሚሉት ክፍል፣ መናገር ብቻ ነው። ምድጃው «ሞቄአለሁ» ብሎ በቆመ ጊዜም ጥያቄው «ሴንሰሩን በምን እንተካው?» ሳይሆን «የተናገረው እውነት ነውን?» የሚል መሆን ይገባዋል።

ነገሩን ለማስረዳት ምድጃው ከየት እንደ መጣና ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ጥቂት ማውሳት ያስፈልጋል። ማይክሮዌቭ የጦርነት ዘመን ልጅ ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ የጠላትን አውሮፕላን ከሩቅ ለሚያሳየው ራዳር ብርታት የሰጠውን ማግኔትሮን ሠሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም በአሜሪካ ሬይተን በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር፣ ከማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የያዘው ጣፋጭ መቅለጡን ልብ አለና፣ ያ ረቂቅ ሞገድ ምግብ ሊያበስል እንደሚችል ተረዳ። በ1947 የቀረበው የመጀመሪያው ምድጃ የሰው ቁመት ያህል ረዝሞ፣ 340 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝንና ማግኔትሮኑ በቧንቧ ውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር። ይህን የውሃ ነገር አንባቢ በልቡ ቢይዝልኝ እወዳለሁ፤ ሌላውን የሚያሞቅ ዕቃ ራሱን ማቀዝቀዝ ግድ እንደሚሆንበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነበርና። ዛሬ ግን ምድጃው አንሶ ከጠረጴዛ ላይ ስለ ወጣ፣ የውሃውን ሥራ አየር ወርሶታል።

ዛሬ በየቤቱ ያለው ምድጃ ከሶኬት 1,200 ዋት ያህል ቢስብ፣ ለምግቡ የሚደርሰው 700 ዋት ያህል ብቻ ነው። የቀረው 500 ዋት፣ ይኸውም የአንዲት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀት የሚያህለው፣ በማግኔትሮኑና በትራንስፎርመሩ ገላ ውስጥ ይቀራል፤ ያንንም ሙቀት በጀርባ በኩል ያለችው ትንሽ ፋን አየር እያሳለፈች ጠርጋ ካላወጣችው፣ ምድጃው ወጡን ሳይሆን ራሱን ያበስላል። ምስክሮቹ የተሾሙትም ለዚህ ነው። አንደኛው በማግኔትሮኑ ወገብ ላይ የተጣበቀ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው የሙቀት ማቋረጫ ነው፤ በውስጡ በሙቀት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ማዕድናት ተጣብቀው ስላሉ፣ ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ይታጠፍና ቀጭ ብሎ የኤሌክትሪኩን መንገድ ይከፍተዋል፤ ሲቀዘቅዝም ይመለሳል። ሁለተኛው በምድጃው ሆድ ግድግዳ ወይም በእንፋሎት መውጫው አጠገብ የሚቀመጠው ቴርሚስተር ሲሆን፣ ጠጋኞች «ሴንሰር» ብለው በአጭሩ የሚጠሩት ብዙውን ጊዜ ይህንን ነው።

የቴርሚስተር ባሕርይ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ብረት ሲሞቅ የኤሌክትሪክን ጉዞ ይበልጥ ይገታል፤ ይህ ከብረት ኦክሳይድ የተጋገረ ትንሽ ሸክላ ግን ሲሞቅ መንገዱን ይለቃል። ሚካኤል ፋራዴይ ይህን ተገላቢጦሽ ጠባይ በ1833 እ.ኤ.አ. በሌላ ማዕድን ላይ አይቶ ጽፎት ነበር፤ በጥቅም ላይ ለመዋል ግን ወደ 100 ዓመት ያህል ጠብቋል። በብዙዎች ዘንድ የተለመደው ዓይነት በ25 ዲግሪ ሙቀት 10,000 ኦም ያሳያል፤ 50,000 ወይም 100,000 የሚያሳዩም አሉና የምድጃውን ሠንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል። 10,000 ኦም የሆነውን በጨበጡት ጊዜ የመዳፍ ሙቀት እየገባው ወደ 7,000 ይወርዳል፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከ1,000 በታች ይሆናል። ቦርዱ የሚያነብበው ይህንኑ ቁጥር ነው፤ ሽቦው ተበጥሶ ምስክሩ ዝም ካለ ቦርዱ የሚሰማው በምድር ላይ የሌለ ብርድ ነው፣ ሽቦዎቹ ተነካክተው ከሆነም የማይታመን ቃጠሎ ይሰማል፤ በሁለቱም ጊዜ ይህ ቃል ሊታመን አይችልም ብሎ ያንን የፊደልና የቁጥር ምልክት ይጽፋል።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ነገሩን በግምት አልሠራም፤ ይህንም የምናገረው ሥራውን ስላከበርሁ ነው። ምድጃውን ከሶኬት ነቅሎ፣ የታመቀው የካፓሲተር ኃይልም በደንቡ እንዲወጣ አድርጎ ነበር። ይህ ነገር ተደጋግሞ ሊነገር ይገባል፤ ማግኔትሮኑ የሚገፋው በ4,000 ቮልት ገደማ በሆነ ኃይል ነውና፣ ካፓሲተሩ መብራት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ሙያው የሌለው ሰው የማይክሮዌቭን ቆርቆሮ ፈጽሞ እንዳይፈታ። ወጣቱ ከዚያ ቴርሚስተሩን አውጥቶ፣ በቀጭን ላስቲክ ጠቅልሎ፣ አክስቴ ለሻይ በጣዱት የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ በስልኩ ይዞት የሚዞረው ሠንጠረዥ በ100 ዲግሪ 700 ኦም ያህል ይላል፣ ቴስተሩ ግን 880 አሳየ። ከአራት እጅ አንድ እጅ የሚበልጥ ልዩነት! በዚህ ልዩነት ማንኛውም ጠጋኝ ሴንሰሩን ሐሰተኛ ቢለው አይፈረድበትም።

«ውሃው የፈላው በስንት ዲግሪ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በመቶ ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ፤ ወዲያውም ቴስተሩ የሙቀት መለኪያ ገመድ እንዳለው አስታውሶ ያንን ነከረ። ቁጥሩ 92 ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ በላይ አልነቃነቅ አለ።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ከላይ የተጫነውን የአየር ክብደት ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ሸክሙ ስለሚቀልለት ቶሎ፣ ይኸውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በምጽዋ ወደብ 100 የሆነው መፍያ በሰቆጣ 92 ዲግሪ ከጥቂት ክፍልፋይ ነው፤ ሰቆጣ ካለችበት ከዋግ ኽምራ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ፣ ወደ ተከዜ ግድብ ሐይቅ ዳር ቢወርዱ ደግሞ ወደ 96 ከፍ ይላል። ባቄላና ምስር በደጋ እየፈላ እየፈላ የማይበስለው፣ እናቶቻችንም በውሃው ወይም በእንጨቱ የሚያመካኙት፣ በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ የመፍያ ነጥብ ለመሬት ከፍታ ምን ያህል ታማኝ ምስክር እንደ ሆነ ለመረዳት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት 10 ዓመት ያህል አገራችንን ሲለካ የኖረውን ፈረንሳዊውን አንቷን ዳባዲን ማስታወስ ይበቃል፤ እርሱ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ይዞት ከዞረው አንዱ ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት ለይቶ የተራራን ከፍታ የሚናገር ቴርሞሜትር ነበር። ተጓዡ ከውሃው ፍላት ተራራውን ያውቅ ነበር፤ የዛሬ ጠጋኝ ደግሞ ተራራውን ባለማስታወሱ የውሃውን ፍላት ይስታል።

በ92 ዲግሪ የቴርሚስተሩ ቁጥር ስንት መሆን ይገባዋል? በስሌቱ 880 ያህል። ምስክሩ አንዲት ቃል አልዋሸም ማለት ነው። ሆኖም አንድ ቃል ለፍርድ አይበቃምና፣ ሁለትና ሦስት እማኝ የሚጠይቀውን የፍትሐ ነገሥትን ሥርዓት ተከትለን፣ ከጎረቤት ማቀዝቀዣ በረዶ አስመጥተን በውሃ ውስጥ እያማሰልን ነከርነው። በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ እንደ ፍላት በከፍታ የሚለወጥ አይደለም፤ በምጽዋም ሆነ በሰቆጣ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ በደጋ ለሚሠራ ጠጋኝ ከፈላ ውሃ ይልቅ በረዶ የታመነ ሚዛን ነው። ቴስተሩ ከ32,000 በላይ አሳየ፣ ሠንጠረዡም እንዲሁ ይላል። በሦስተኛው ወጣቱ ራሱ በመዳፉ ጨበጠው፤ ቁጥሩ ሳይዘልና ሳይቆራረጥ ቀስ እያለ ወረደ። ያን ጊዜ ከደረት ኪሱ እርሳስ አውጥቶ፣ በማስታወሻ ደብተሩ «ሰቆጣ፦ የፈላ ውሃ 92፣ 880» ብሎ ጻፈ።

እንግዲያስ ያ የፊደልና የቁጥር ምልክት ከየት መጣ? ሴንሰሩ ጤነኛ ከሆነ የሚቀረው መንገዱ ነው። ሽቦው ከቦርዱ ጋር የሚገናኝባት ነጭ ፕላስቲክ መሰኪያ፣ በጭነት መኪና ላይ ሲንገላታ በመጣበት ረጅም ጉዞ ሳይሆን አይቀርም፣ ግማሽ ያህል ተነቅላ ተንጠልጥላ አገኘናት፤ ነካ ሲያደርጓት ቁጥሩ ይመጣል፣ ሲለቋት ይጠፋል። ወጣቱ እግሮቿን ጠርጎ በጥብቅ ሰካት፤ ከዚያ በኋላ ምልክቱ አልታየም። ሴንሰር ሞተ ከተባለባቸው ምድጃዎች ብዙዎቹ በእንዲህ ያለ ተራ ነገር የታመሙ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ አዲስ ዕቃ ከባሕር ዳር ወይም ከመርካቶ እስኪመጣ ሳምንት ከመጠበቅና ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ መሰኪያውን ማየት የደቂቃ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ሕመም፣ ማለት ጥቂት ሠርቶ ዝም ማለቱ፣ ገና አልተፈታም ነበር፤ ወጣቱ ዳይሬክት ሊያደርገው ያሰበውም የዚህን ሕመም ምስክር፣ በማግኔትሮኑ ወገብ ላይ ያለውን ማቋረጫ ነው። ሲለካው ሲቀዘቅዝ የተዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፈት፣ እንደ ታዘዘው የሚያገለግል ሆኖ ተገኘ። ታዲያ እውነት ተናግሮ ከሆነ ማግኔትሮኑ በእርግጥ ከልኩ በላይ ይሞቃል ማለት ነው፤ የሚሞቅበት ምክንያት ግን ከምድጃው ውስጥ ሳይሆን ከውጭ ነበር።

በሰቆጣ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኗ የምትገፋው የአየር ስፋት ያው ቢሆንም፣ በዚያ ስፋት ውስጥ ያለው አየር በክብደቱ ስለሚያንስ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በሜዳማ አገር ተፈትኖ የወጣ ምድጃ ደጋ ሲወጣ፣ ሸክም የለመደ በቅሎ ዳገት ላይ እንደሚያለከልክ፣ ትርፍ ጉልበቱ ያልቅበታል፤ በዚህ ላይ የበጋው አቧራ በመተንፈሻው ወንፊት ላይ እንደ ሲሚንቶ ተጋግሮ ነበር፤ ጀርባው ከግድግዳ ተጣብቆ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ያማረ ዳንቴል የአናቱንና የጎኑን መተንፈሻዎች ሁሉ ሸፍኖአቸው ነበር። ምስክሩ «ልታፈን ነው» እያለ ሲጮኽ እኛ ምስክሩን ልንገድለው ተዘጋጅተን ነበር። ዳይሬክት ቢደረግ ኖሮ ምድጃው ሳያቋርጥ ይሠራ፣ አክስቴም ልጁን ይመርቁት ነበር፤ ከዕለታት አንድ ቀን ግን፣ ምናልባትም በሌሊት፣ የትራንስፎርመሩ ሽፋን ቀልጦ ሽቦው ሲቃጠል፣ ከላዩ የተነጠፈው ጥጥ የመጀመሪያው ማገዶ በሆነ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ሌላም ነገር አለ። ምድጃው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ መብራት ድንገት ከጠፋ፣ ፋኗም አብራ ትቆማለች፤ በማግኔትሮኑ ውስጥ የታመቀው ሙቀት የሚጠርገው ሲያጣ ወደ ማቋረጫው ይዛመትና ይከፍተዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መብራት ሲመጣ ምድጃው አልነሣ ይላል፤ ባለቤቱም ተቃጠለ ብሎ ይሸበራል። ከሶኬት ነቅሎ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ቀጭ የምትል ድምፅ ከተሰማች ምስክሩ ወደ ቦታው ተመልሷል።

እንፋሎት አሽትተው ምግቡ መሞቁን በራሳቸው የሚወስኑ ምድጃዎችንም የገዙ የደጋ ሰዎች፣ ሥጋው ሳይበስል «አልቋል» ቢላቸው ሴንሰሩን አይክሰሱት፤ እንፋሎቱ በ92 ዲግሪ ስለሚነሣ ምድጃው ከልማዱ ቀድሞ ይፈርዳል፤ ጥቂት ደቂቃ ራሳቸው መጨመር አለባቸው። የወጥ ቅባትና የበርበሬ ርጭት ሴንሰሩን ከሸፈነውም ሙቀቱ ዘግይቶ ይሰማዋል፤ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ በሳህን አስገብቶ አምስት ደቂቃ ካፈሉና እንፋሎቱ ቅባቱን ካለሰለሰው በኋላ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ወጣቱ አቧራውን በብሩሽ አራግፎ፣ ቆርቆሮውን መልሶ አሰረው፤ ምድጃውንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ አደረገው። በመጨረሻ ምድጃው በእርግጥ የሚሰጠውን ኃይል ለመፈተን አንድ ሊትር ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አስገብቶ 60 ሰከንድ አሠራው፤ በዚህ ፈተና ውሃው የጨመረው እያንዳንዱ ዲግሪ 70 ዋት ያህል ማለት ነውና። ከ21 ተነሥቶ 31 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ፤ 700 ዋት ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በጀርባው ከተጻፈው ጋር የሚስማማ። ከዚያም ያለ ማቋረጥ ሩብ ሰዓት ሠራ።

«ታዲያ ስንት ልስጥህ፣ ልጄ?» አሉት አክስቴ።

«የሰካሁት አንድ ገመድ ነው፣ እማማ፤ የጥዋቱን ሻይ ከሰጡኝ ይበቃኛል» አለ። አክስቴ ግን እምቢ ብለው የድካሙን ከፈሉት። ዳንቴሉንም በዚያው ቀን አጥበው፣ ደርቆ ሲመጣ፣ በልጃቸው ፎቶግራፍ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አነጠፉት።